የማንኪራን አድራሻ የመስጠት ሥልጣን የማን ነው?

በዘመናችን ከተማሪው እስከ ባለሥልጣኑ በብዙ ሰው አፍ የሚነገር፣ ተናጋሪዎቹም መልስ የማይገኝለት ክርክር አድርገው የሚቈጥሩት አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ በላባቸው የሚያድሩ፣ ከማንም ጋር ጠብ የሌላቸው፣ ሕሊናቸው ንጹሕ የሆነ ሰዎች ስለ ሆኑ ነው ቃሉን በድፍረት የሚናገሩት። ስለዚህ ሙግቴ ከሰዎቹ ጋር ሳይሆን ከአሳቡ ጋር ነው። አሳቡም ሳይመረመር ልማድ ሆኖ ሥራውን የሚሠራው፣ ሰው ሁሉ በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ በፎቶግራፉ ውስጥ ተሰውሮ የሚጓዘውን ጽሕፈት ልብ ሳይል፣ ወደማያውቀው ሕዝብ በሚበትንበት ጊዜ ነው፤ እኔም ይህ ልማድ ስሕተት ብቻ ሳይሆን በደልም እንደ ሆነ፣ የሚበደለውም ብዙ ጊዜ አንሺው ሳይሆን በፎቶግራፉ ውስጥ የታየው ወይም በዚያ ስፍራ የሚኖረው ሌላ ሰው እንደ ሆነ ለማስረዳት እነሣለሁ።

ነገሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በአንድ ስፍራ ላይ አቆመዋለሁ፤ ስፍራውም ማንኪራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከሚደረስባት ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በካፋ ዞን በዴቻ ወረዳ የሚገኘው ይህ የደን ቀበሌ፣ የአገሩ ሰዎች የዓረቢካ ቡና ጥንተ መገኛ ነው ብለው የሚያምኑት፣ «እናት ቡና» የተባለችው ያረጀች ዛፍ ለእንግዳ የምትታይበት፣ ኮረሪማና ጥምዝ በጥላ ሥር የሚበቅልበት፣ የማር ቀፎ ከረዣዥም ዛፎች ጫፍ የሚሰቀልበት ምድር ነው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ፣ በቦንጋም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ከተሠራ ወዲህ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዪቱ የአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ ወደዚህ የሚያቀናው እንግዳ ብዙ ነው፤ እንግዳውም ሁሉ ስልክ ይይዛል፤ ስልኩም ሁሉ ይጽፋል።

ይጽፋል ማለቴ ለምሳሌ አይደለም፤ በቁሙ ነው። ፎቶግራፍ በሚነሣበት ቅጽበት ስልኩ የሚያስቀምጠው የብርሃኑን ምስል ብቻ ሳይሆን፣ ከምስሉ ጋር በአንድ ፋይል የታሰረ፣ ለዐይን ኅቡእ የሆነ፣ ለጠያቂ ግን ክሡት የሆነ ሌላ መዝገብ ነው። የዚህ መዝገብ ሥርዐት ኤግዚፍ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ማኅበር አማካይነት ወጥቶ ዓለም ሁሉ ተቀብሎታል። በመጀመሪያም የተሠራው ሰውን ለመሰለል አልነበረም፤ ሌንሱ በምን ያህል እንደ ተከፈተ፣ ብርሃኑ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ገባ፣ የሥራው ሰው በኋላ እንዲያውቀው ነበር እንጂ። ነገር ግን ያው መዝገብ የስልኩን ሠሪና ዐይነት፣ ቀኑንና ሰዓቱን እስከ ሰከንድ ድረስ ይጽፋል፤ የቦታ መመዝገቢያው ክፍት ከሆነም ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን፣ የቦታውን ከፍታ፣ አንዳንድ ጊዜም ካሜራው ወደ የትኛው አቅጣጫ ዞሮ እንደ ነበር ይጨምራል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው፤ ከነጥብ በኋላ አምስተኛው አሐዝ ላይ ሲደረስ ግን የሚለካው አንድ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ይህን የሚያህል ጥንቁቅ ጸሐፊ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው፣ ጸሐፊው ምን ምን እንደ ጻፈ ሳይጠይቅ ደብዳቤውን ሁሉ ማኅተም ሳያደርግ ቢልክ፣ ቸልተኝነቱን ንጽሕና ልንለው አንችልም።

በማንኪራና በዙሪያው ደጋግሞ የሚነገር አንድ መልስ አለ፤ «እዚህ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ታዲያ ምን ሊመዘገብ ነው?» ይላሉ። ይህ መልስ ብልህ ይመስላል፤ መሠረቱ ግን የተሳሳተ ነው። ስልኩ የቆመበትን ቦታ የሚያውቀው ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብለው ምድርን ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚወርደውን የጂፒኤስ ምልክት በመስማት ነው፤ ለመስማትም የቴሌ ምሰሶ፣ የሲም ካርድ ሂሳብ፣ የኢንተርኔት ጥቅል አያስፈልገውም። የመስመሩ አለመኖር መዝገቡን አያስቀረውም፤ መላኩን ብቻ ለጥቂት ሰዓት ያዘገየዋል። እንግዳው ቀኑን በጫካ ውሎ ማታ ቦንጋ ሆቴል ገብቶ ዋይፋይ ባገኘ ጊዜ፣ በቀን ያነሣው ሁሉ ቦታውን እንደ ተሸከመ ይወጣል። በእርግጥ ጥቅጥቅ ያለው ቅጠል ምልክቱን ያዳክመዋልና በታላላቅ ዛፎች ሥር የሚመዘገበው ቦታ በአሥር በአሥር ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል፤ ይህን እቀበላለሁ። ዳሩ ግን የሰው ቤት የሚሠራው ሰማይ በሚታይበት ገላጣ ላይ ነው፤ ቡናውም የሚሰጣበት፣ ልጆቹም የሚጫወቱበት፣ እንግዳውም ቡና ተፈልቶለት ከቤተሰቡ ጋር ፎቶግራፍ የሚነሣው በዚያው ደጅ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ከዛፉ ይልቅ የሰውየውን ቤት አጥርቶ ይጽፋል።

ሌሎች ደግሞ «ቴሌግራም ራሱ ያጠፋዋል» ይላሉ፤ እዚህ ላይ እውነቱ ግማሽ ስለ ሆነ ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ያሳስታል። ፎቶግራፍ በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ተጨምቆ እንደ ገና ስለሚሠራ ስውሩ ጽሕፈት ይወድቃል፤ ነገር ግን በአገራችን «ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ላክልኝ» የማይል ማን አለ? በፋይል የተላከው እንዳለ ይሄዳል፤ ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ ቦታውም አብረውት ይሄዳሉ። በኢሜይል የተላከውም እንዲሁ ነው። ፌስቡክም ለሌላው ሰው ከሚያሳየው ቅጂ ላይ መዝገቡን ቢያነሣውም፣ ከተጠቃሚው የሚሰበስበው መረጃ ይህንኑ እንደሚጨምር በራሱ መመሪያ ይናገራል፤ ማለት ለጎረቤት የተዘጋው በር ለባለቤቱ ክፍት ነው። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ካሜራ በዚያው ፋይል ውስጥ የምስሉን ትንሽ ቅጂ አብሮ ስለሚያስቀምጥ፣ አንሺው መልክን ለመሸፈን ወይም የቤትን ቁጥር ለማስቀረት ዳሩን ቈርጦ ሲያበቃ፣ ማረሚያው ትንሹን ቅጂ ካላደሰው የተቈረጠው ሁሉ በውስጡ ሳይቈረጥ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልመለስ። «የምደብቀው የለኝም» የሚለው ሰው መሸፈንን ሁሉ የኃጢአት ምልክት ያደርገዋል። ይህ ፍርድ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ከእኛ ሥርዐት እንዳልመጣ ግን ጥርጥር የለኝም። በጥምቀት ታቦቱ ከመንበሩ ሲወጣ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ በካህኑ ራስ ላይ ይጓዛል፤ ሕዝቡ በእልልታ ያጅበዋል፣ ጽላቱን ግን አያይም፤ ባለማየቱም ቅሬታ የለውም፣ የተሸፈነው ነውር ስላለበት ሳይሆን ክብር ስላለው መሆኑን ያውቃልና። መቅደሱ በመንጦላዕት የተጋረደው፣ የነፍስ አባት የሰማውን ኑዛዜ እስከ መቃብር የሚሸከመው፣ አባወራም ማዕዱን በመንገድ ላይ የማይዘረጋው በዚሁ ልቡና ነው። ለእያንዳንዱ ነገር የሚያየው ሰው የተለየ ነው፤ ማን ምን ማየት እንዳለበት የሚወስነውም ባለ ነገሩ ነው። ግላዊነት የምንለው መብት ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት መከበር ሲደነግግ፣ ወንጀለኛው የሚሸሸግበት ዋሻ መቈፈሩ አልነበረም፤ ንጹሑ ሰው በቤቱ ጌታ መሆኑን ማጽናቱ ነበር።

ይህም ሁሉ ቢሆን፣ አንሺው «የራሴን ክብር ብተወው ምን ቸገራችሁ?» ቢል አፌን ያዘጋኝ ነበር፤ የራሱን ቢተው ማንም አይከለክለውምና። ነገር ግን የሚሰጠው የራሱን አይደለም፤ የክርክሬም ልብ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ በማንኪራ ከአንዲት እናት ደጅ ቆሞ «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ሲላቸው፣ እርሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው «አንሣ ልጄ» ሲሉት፣ የፈቀዱለት መልካቸውን ነው። የደጃቸውን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ በቤታቸው የተገኙበትን ሰዓት፣ የተሰጣው ቡና የሚደርቅበትን ወቅት አልፈቀዱለትም፤ ሊፈቅዱለትም አይችሉም፣ መኖሩን የነገራቸው የለምና። ያልተጠየቀ ፈቃድ እንደ ተሰጠ የሚቈጠርበት ሕግ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የእጅ ስልክ ባልታሰበበት በዚያ ዘመን፣ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ባለ መልኩ ሳይፈቅድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ደንግጓል፤ ለሹማምንት፣ ለታወቁ ሰዎች፣ ለፍርድና ለትምህርት ጉዳይ፣ በሕዝብ ፊት ለተደረገ ነገርም ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። የዚያን ዘመን ሕግ አውጪ መልክን ያህል ነገር ካለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከከለከለ፣ ዛሬ ከመልክ ይልቅ ወደ ሰው የሚያደርሰውን የቤቱን ስፍራ እኛ በዘፈቀደ የምንሰጠው በምን ሥልጣን ነው?

በዚህ ላይ የቱሪዝም ወዳጆች የሚያቀርቡት ክርክር አለ፤ እርሱም ቀላል ክርክር ስላልሆነ በቀላሉ አላልፈውም። «ማንኪራ እንዲታወቅ ነው የምንፈልገው፤ ቡና ከካፋ መውጣቱን ዓለም ይወቅልን፤ ሎኬሽኑ በበዛ ቍጥር እንግዳው ይበዛል፤ ደግሞስ ምልክቱ በመንገድ ላይ የተተከለ፣ በካርታ ላይ የተጻፈ ስፍራ ምን ስውር ነገር አለው?» ይላሉ። የካፋ ሰው ይህን ለመናገር ምክንያት አለው፤ ስለ ቡና ጥንተ መገኛ በሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ስሙ ተዘሏልና፣ መታወቅን መመኘቱ ቅንነት ነው። ነገር ግን የቀበሌው ስም መታወቁና የእያንዳንዱ ዛፍ፣ የእያንዳንዱ ቀፎ፣ የእያንዳንዱ ቤት ነጥብ መታወቁ አንድ አይደሉም። ስሙን የሚያውቅ ሰው ወደ ማንኪራ ለመግባት ቦንጋ ላይ ይጠይቃል፤ አስጎብኚ ይይዛል፤ የአገሩ ሰው ማን እንደ ሆነና ለምን እንደ መጣ ያየዋል፤ ያስተናግደዋል፣ ዋጋም ያገኝበታል። ነጥቡን የያዘ ሰው ግን ማንንም አይጠይቅም። እንግዲህ ስውሩ ጽሕፈት የሚያስቀረው የካፋን ሰው ከእንግዳውና ከደኑ መካከል ነው፤ ይህ ማስተዋወቅ ከተባለ፣ የተዋወቁት ሁለቱ ናቸው፣ ባለቤቱ ግን ወጥቷል።

የካፋ ታሪክ ስለዚህ ነገር የሚናገረው አለው። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ተይዘው መንግሥታቸው እስኪያልፍ ድረስ፣ የካፋ ነገሥታት ወሰናቸውን በጥልቅ ጕድጓድ ከበው፣ መግቢያውን በዘበኛ በሚጠበቁ በሮች ወስነው ኖረዋል። ነጋዴው በበሩ ይገባ ነበር፤ ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱ በበሩ ይወጣ ነበር፤ በሩ ንግድን የሚያጠፋ ሳይሆን ገቢና ወጪው እንዲታወቅ የሚያደርግ ነበር። ያ ዘመን ይመለስ አልልም፤ ብዙ ጭካኔም የነበረበት ዘመን ነውና። ነገር ግን በር ያለው አገር የሚደብቀው ወንጀል ስላለው ነው የሚል ዳኛ ቢነሣ፣ የካፋ ሽማግሌዎች ምን እንደሚመልሱለት አውቃለሁ።

«ከጫካ ምን ይወሰዳል?» ለሚለው ግን የቡናው ታሪክ ራሱ ይመልሳል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ኢትዮጵያ በላከው መልእክት የተሰበሰበው የቡና ዘር ወደ ልዩ ልዩ አገሮች የምርምር ጣቢያዎች ተሠራጭቶ ነበር፤ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ የብራዚል ሊቃውንት ከኢትዮጵያ ዘር በበቀሉ ቡናዎች መካከል በተፈጥሮአቸው ካፌይን የሌላቸው ሊባል የሚቻል ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን ኔቸር በተባለው መጽሔት አስታወቁ፤ ወዲያውም የዘሩ መብት የማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ያ ዘር የወጣው በመንግሥታት መካከል በታወቀ መንገድ ነው፤ ፎቶግራፍ ያመጣው ነገር እንዳልሆነ አስቀድሜ እናገራለሁ። የማመለክተው፣ አንድ ጊዜ ያለ ውል የወጣ ነገር በውል አለመመለሱን ነው። ኢትዮጵያም ይህን ተምራ በ1998 ዓ.ም. የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482 አወጣች፤ በዚህም መሠረት ዘር ለመውሰድ የሚመጣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ኅብረተሰቡም ከጥቅሙ ይካፈላል። አዋጁ የሚሠራው ግን ወሳጁ በበር ሲገባ ነው። በማንኪራ ደን ውስጥ እያንዳንዱ ልዩ የሆነ የቡና ዛፍ፣ ፍሬው ቢጫ የሆነው፣ በሽታ ያልነካው፣ ያረጀው ሁሉ ከነነጥቡ በአደባባይ ከተዘረገፈ፣ ፈቃድ የሚጠየቀው ለምን ይሆናል? የዱር ዓረቢካ ቡና ደግሞ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ዕፀዋት መካከል በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ የተጻፈ ነው።

የሌላው ዓለም ሊቃውንት ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ነው የገዙት። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ፣ ብርቅ የሆነ ፍጡር የተገኘበትን ስፍራ አጥርቶ ማተም አዳኞችን መምራት መሆኑን ጽፈው ባልንጀሮቻቸውን አስጠንቅቀዋል፤ በቻይና የታወቀ አንድ የዋሻ እንሽላሊት መግለጫው ከታተመ በኋላ በነጋዴዎች ተለቅሞ ከዚያ ስፍራ መጥፋቱ ይታወቃልና። በደቡብ አፍሪካ የአውራሪስ ጥብቅ ስፍራዎች ጎብኚዎች የስልካቸውን የቦታ ምዝገባ እንዲያጠፉ ይለመናሉ፤ ገዳዩ ዱካ ከመፈለግ ይልቅ ፎቶግራፍ መፈለግ ቀሎታልና። የተፈጥሮ ወዳጆች ያዩትን ሁሉ የሚመዘግቡበት አይናቹራሊስት የተባለው መድረክ እንኳ፣ ለመጥፋት የተቃረበ ዝርያ ሲሆን ትክክለኛውን ነጥብ ለሕዝብ አያሳይም፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ሰፊ ክልል ውስጥ ይሰውረዋል። እነዚህ ሰዎች ዕውቀትን የሚጠሉ አይደሉም፤ ዕውቀት ሥራቸው ነው። ነገር ግን ለሊቁ የሚገባው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንደማይገባ ተረድተዋል።

ከዛፍና ከአውሬ ወደ ሰው ስመጣ ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ጆን ማካፊ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ባለጸጋ ከቤሊዝ ፖሊስ ሸሽቶ በተሸሸገበት ጊዜ፣ አብሮት የነበረው የቫይስ መጽሔት ጋዜጠኞች ቡድን ፎቶግራፉን አወጣ፤ በፎቶግራፉ ውስጥ የነበረው ጽሕፈት ጓቴማላ ውስጥ መሆኑን ለዓለም ሁሉ አሳወቀ፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ተያዘ። ሰውየው በዚህ ጥበብ የከበረ ነበር፤ የገለጠው ግን የእርሱ ስልክ አይደለም፣ የሌላ ሰው ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኢራቅ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች አዲስ የመጡትን ሄሊኮፕተሮች ፎቶግራፍ አንሥተው ወደ ኢንተርኔት በላኩ ጊዜም፣ ጠላት ቦታውን ከፎቶግራፉ አንብቦ በሞርታር አራቱን እንዳጠፋ የጦር ሠራዊቱ ራሱ በኋላ ተናግሯል። የተማረና የሠለጠነ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ በቤይሩት ወይም በሪያድ ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ በወዳጅ ቤት የተጠጋች የእኛ እኅት፣ «ደኅና ነኝ» ለማለት ለእናቷ በፋይል የላከችው ፎቶግራፍ ከዘመድ ወደ ዘመድ እየተላለፈ ሄዶ ከማይገባው እጅ ቢወድቅ ማን ይደርስላታል? ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ በበዛበት በዚህ ዘመን፣ የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ከትምህርት ቤት ደጃፍ፣ ከአዲሱ ቤታቸው በረንዳ፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት የሚያወጡ ወላጆች፣ የሚደብቁት ስለሌላቸው የሚፈሩት ሊኖር እንደማይገባ የነገራቸው ማን ነው? አጋች የሚፈልገው ኃጢአተኛን አይደለም፤ የሚገኝበት የታወቀን ሰው ነው።

ከተቃራኒዎቼ ክርክር ሁሉ የበረታው ከቡና ንግድ የሚመጣው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ተፈጻሚነቱ ደጋግሞ ቢዘገይም፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በኋላ ከተመነጠረ ደን የመጣ ቡና ወደ አውሮፓ አይገባም፤ ይህንም ለማረጋገጥ ቡናው የበቀለበት እያንዳንዱ ማሳ ከነነጥቡ እንዲመዘገብ ይጠየቃል፤ ከአራት ሄክታር ለሚበልጥ ማሳ ወሰኑ ዙሪያውን፣ ለትንሹም አንድ ነጥብ፣ ከነጥብ በኋላ እስከ ስድስተኛው አሐዝ። «እንግዲህ የካፋ ገበሬ ቦታ በብራስልስ ሊታወቅ ነው፤ አንተ ስለ ጎብኚ ፎቶግራፍ ምን ትጨነቃለህ?» ይሉኛል። እኔም እላለሁ፤ ልዩነቱን የሚያሳየው ይህ ራሱ ነው። በዚያ ምዝገባ ገበሬው ማን እንደ መዘገበው ያውቃል፤ ለምን እንደ ተመዘገበ ይነገረዋል፤ ዓላማው ቡናውን መሸጥ ስለ ሆነ የሚያገኘው አለው፤ መረጃውን የያዘውም ማኅበር ወይም ላኪ ተጠያቂ ነው። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበሰብ፣ ከዓላማውም ውጭ እንዳይውል ይጠይቃል፤ ተቈጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የመንገደኛው ፎቶግራፍ ግን ዓላማ የለውም፣ ጠባቂ የለውም፣ የሚከሰስበት ስም የለውም። ይልቁንም የገበሬው ነጥብ ይህን ያህል ዋጋ ያለው ሀብት ከሆነ፣ በነጻ መበተኑ ይበልጥ ሊያስቈጣን ይገባል። ይህን ስል የምዝገባውን ሥራ ሁሉ ደኅና ነው ማለቴ አይደለም፤ ቅጹን የሚያስሞላው ወጣት የገበሬውን መታወቂያ፣ ፊቱንና ማሳውን በራሱ ስልክ አንሥቶ በቡድኑ የቴሌግራም ገጽ ላይ በፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ አዋጁ በወረቀት ላይ ቀርቷል።

«ስውሩን ጽሕፈት ብናጠፋውም ምስሉ ራሱ ቦታውን ይናገራል፤ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተራራውን ቅርጽና የጣራውን ዐይነት አይቶ ስፍራውን ይገምታል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ይገምታል። ነገር ግን ግምት ስሕተት አለው፣ ድካምም አለው፤ ስውሩ ጽሕፈት ግን ለማንም ሰነፍ በአንድ ንክኪ ይነበባል። ሌባ መስኮት ሊሰብር ይችላል ተብሎ በር ክፍት አይታደርም። ደግሞም በጫካ ውስጥ አንዱ ቡና ከሌላው ቡና፣ አንዱ ጥላ ከሌላው ጥላ ጋር ስለሚመሳሰል፣ በማንኪራ ላይ ከምስሉ ብቻ ዛፍን ለይቶ ማግኘት እንደ ከተማ ሕንፃ ቀላል አይደለም፤ እዚህ ስፍራ ጽሕፈቱን ማጥፋት ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብዙ ይጠቅማል።

የቦታ ምዝገባን ፈጽሞ የሚጠላ ሰው አድርጎ የሚቈጥረኝ ቢኖር ይሳሳታል። ተመራማሪው ዛፉን ዳግመኛ እንዲያገኘው፣ የደን ጠባቂው የተመነጠረውን ቦታ ለፍርድ እንዲያስመሰክር፣ የቅርስ መዝጋቢው የጥንቱን መቃብር እንዳይስተው፣ ነጥቡ ያስፈልጋቸዋል፤ ከሌለው ፎቶግራፍ ይልቅ ያለው ምስክርነቱ የጸና ነው። እነርሱ ግን የሚያስረክቡት ለታወቀ መዝገብ ነው። የምቃወመው ነጥቡ መጻፉን ሳይሆን፣ ጸሐፊው ሳያውቅ፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ፣ ተቀባዩ ሳይታወቅ መሄዱን ነው።

የሚደረገውም ከአቅም በላይ አይደለም። በስልኩ የካሜራ ሴቲንግ ውስጥ የቦታ ምዝገባን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ አለ፤ በቴክኖም በሳምሰንግም ይገኛል፤ አይፎንም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፎቶግራፍ ሲላክ ቦታውን ለማስቀረት ያስችላል። በቦንጋ ያሉ አስጎብኚዎች እንግዳቸውን ወደ ማንኪራ ከማስገባታቸው በፊት ይህን እንዲዘጋ ቢያሳስቡት፣ ይህም ቅጠል እንዳይቈረጥ፣ እሳት እንዳይለኰስ እንደሚሰጡት ማሳሰቢያ ያህል ቢቈጠር፣ ለሥራቸው የሚጨምረው ክብር ነው። የቡና ሙዚየሙም የጎብኚ ማስታወሻ ላይ ሊያስገባው ይችላል። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም የአገራችን ብዙ ተከታይ ያላቸው ገጾች፣ የገበሬ ቤትና የልዩ ዛፍ ፎቶግራፍ ሲያወጡ የቀበሌውን ስም ጽፈው ነጥቡን ሊያስቀሩ ይገባል፤ ከሰው የተቀበሉትንም በፋይል የመጣውን ሳያጠሩ አያስተላልፉ። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ደግሞ አዋጁን ለባንክና ለቴሌ ብቻ ሳይሆን፣ ከገበሬ ማሳ ላይ ነጥብና መልክ ለሚሰበስበው ድርጅት ሁሉ በአማርኛና በካፊኛ ሊያስረዳ ይገባዋል።

ይህ እንግዳን ያሸሻል የሚሉኝ አሉ። የአገሩን ሰው የሚያከብር እንግዳ በዚህ አይሸሽም፤ የሚሸሽ ካለ፣ የሚፈልገው ማንኪራን ሳይሆን ከማንኪራ የሚወስደውን ነው። ከእናቲቱ ደጅ የቆመው መንገደኛም «ላንሳዎት?» ካለ በኋላ «የቤትዎ ስፍራ አብሮ ይመዘገባል፤ ይመዝገብ ወይስ ይቅር?» ብሎ ይጠይቃቸው፤ ይቅር ካሉት ማብሪያውን በፊታቸው ዘግቶ ያንሣቸው፤ ካልገባቸውም ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው፣ ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለውና።